«ምንም አላገኘንባትም» ስንባል

ያገለገለ መኪና ገዝተን ብልሽቱ ሲመላለስ ስላለን መብት በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

በስብሰባዎቻችን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ እዚህ ብሪታንያ ያለውን ኑሯችንን ያስብልን። ብዙዎቻችን በየቤቱ እየዞርን አረጋውያንን እንንከባከባለን፤ ሳይነጋ ቢሮ እናጸዳለን፤ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እንሠራለን። የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት ሥራ ላይ መገኘት ያለብን አለን። መኪናዋ መንገድ ላይ የቆመች ቀን የዚያ ቀን ደመወዝ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ ፈረቃው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የምንገዛውም አዲስ መኪና አይደለም። የእቁብ ዕጣ ሲደርሰን፣ አለዚያም በወርሃዊ ክፍያ፣ ሌላ ሰው የነዳትን መኪና ነው የምንገዛው።

በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። መኪናዋ ከሻጭ ድርጅት ተገዝታለች። ብልሽቱ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ወደ ሻጩ ስትወሰድ «በኮምፒውተር አየናት፣ ምንም አላገኘንባትም» ይባላል። በሳምንቱ ያው ብልሽት ይመለሳል። «ብልሽቱ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ፤ ታዲያ ምን ብዬ ልከራከር?» ይሉናል እህቶቻችን።

መልሱን ከመጀመሪያው እንናገር። ሕጉ የብልሽቱን ስም እንድንነግረው አይጠይቀንም። የሚጠይቀው፣ የተሸጠልን ዕቃ በዚያ ዋጋና በዚያ ዕድሜ ሊሆን የሚገባውን ያህል ደህና ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። በየሳምንቱ መንገድ ላይ የምትቆም መኪና፣ ምክንያቱ ባይታወቅም፣ ደህና አይደለችም። ከእኛ የሚጠበቀው መካኒክ መሆን ሳይሆን የሆነውን በቀንና በሰዓት መዝግቦ መያዝ ነው።

እኛ ጠበቆች አይደለንም። የምንናገረው አጠቃላይ ትምህርት ነው፤ የእያንዳንዷ ጉዳይ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ለራሳችሁ ጉዳይ ሲቲዝንስ አድቫይስን ማማከር ይገባል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው።

የአንዲት እህታችን ጉዳይ

ፈቅዳልን የምንናገረው የአንዲት አባላችን ጉዳይ አለ። የሻጩንም የባንኩንም ስም አንጠራም። እህታችን የሰባት ዓመት ዕድሜ ያላት የቤንዚን መኪና በ4,200 ፓውንድ ከሻጭ ድርጅት ገዛች። 200 ፓውንድ ቀብድ በራሷ ክሬዲት ካርድ ከፈለች፤ የቀረውን ከእቁቡ ገንዘብ በባንክ አስተላለፈች።

በ19ኛው ቀን አንድ አደባባይ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በራ። ከኋላዋ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። አሥር ደቂቃ ቆይታ ስታስነሳት ተነሳች፤ መብራቱም ከሁለት ቀን በኋላ ጠፋ። ሻጩ ተቀበላትና ባትሪ ለወጠ፣ «ኮምፒውተሩንም አጽድተናል» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ነገር በከፍተኛ ፍጥነት በሚነዳበት መንገድ ላይ ደረሰ። ሁለተኛ ወሰደቻት፤ አራት ቀን አቆይተው «ምንም አላገኘንባትም» ብለው መለሱላት። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ «የአነዳድሽ ጉዳይ ነው፤ ብልሽቱ ምን እንደሆነ አስመርምረሽ ካመጣሽ እናየዋለን» አሏት።

ይህን አባባል ልብ በሉ። መርምሮ የማግኘቱ ሸክም ከሻጩ ትከሻ ወርዶ በእሷ ትከሻ ላይ ተጫነ። ሕጉ ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሸክሙን በሻጩ ላይ ነው የሚያደርገው።

ብልሽቱ ለምን ይደበቃል?

ሕጉን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር እንረዳ። «ምንም አላገኘንም» የሚል መካኒክ ሁልጊዜ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አንዳንድ ብልሽት የሚታየው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ብቻ ነው። ለምሳሌ የሞተሩን ዘንግ አዟዟር የሚያነብ ትንሽ ሰንሰር አለ። ሰንሰሩ ሲሞቅ ንባቡን ካቋረጠ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆማ ያደረች መኪና ጠዋት ስትመረመር ጤነኛ ትመስላለች። የላላ ወይም የዛገ የሽቦ ማያያዣም እንዲሁ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ይለያያል፣ ስትቆም ይገናኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ መደምሰሱ ነው። መኪናዋ ብልሽት ሲሰማት የብልሽት ቁጥር ትመዘግባለች። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱና የዙሩ ብዛት ምን ያህል እንደነበረም አብሮ ይቀመጣል። ጋራዡ «አጸዳነው» ሲል ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መኪና ስናስረክብ «ቁጥሮቹን ከመደምሰሳችሁ በፊት አትማችሁ ስጡን» ማለትን እንልመድ። ሐኪም የታማሚውን ካርድ ቀዶ ሲጥል ዝም እንደማንል ሁሉ፣ እዚህም ዝም አንበል።

ሦስተኛው በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። በናፍጣ የሚሄዱ መኪኖች የጭሱን ጥላሸት የሚያጠምድ ዲፒኤፍ የሚባል ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው መኪናዋ ረዘም ላለ ጊዜ ስትነዳና ጭስ ማውጫው በደንብ ሲሞቅ ነው። ከአንድ አረጋዊ ቤት ወደ ሌላው አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ ስትነዳ የምትውል የናፍጣ መኪና ማጣሪያዋ ይደፈናል፣ መብራት ታበራለች፣ ኃይል ታጣለች። እንዲህ ሲሆን ሻጩ «ጥፋቱ የአነዳድ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም አንዳንዴ እውነት አለው። ሥራችሁ አጭር መንገድ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ንገሩት። ዕቃው ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ለሻጩ ከተነገረው፣ ለዚያ ሥራ የሚሆን ዕቃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ ኮንሲዩመር ራይትስ አክት 2015 ይባላል። ለሻጩ በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ ይህን ስም ከነዓመቱ መጥራት አለብን። ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባል ይላል፦ ጥራቱ አጥጋቢ እንዲሆን፣ ለተፈለገበት ሥራ እንዲሆን፣ እንደተነገረለትም እንዲሆን። በጥራት ውስጥ ደህንነትና የሚጠበቀውን ያህል መቆየት ይገኙበታል።

ያገለገለ መኪና እንደ አዲስ አይመዘንም። ዋጋው፣ ዕድሜውና የሄደበት ማይል ይታያል። ያለቀ ጎማ ወይም ያረጀ የፍሬን ሸራ በአሥር ዓመት መኪና ላይ የተለመደ እርጅና ነው። ከመግዛታችን በፊት በግልጽ የተነገረንን ጉድለትም በኋላ ልንከራከርበት አንችልም። ነገር ግን በአደባባይ ላይ ሞተሯ የሚጠፋ መኪና «አሮጌ ናት» ተብላ የምትታለፍ አይደለችም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። «እንዳየሽው ነው የተሸጠልሽ» የሚል ወረቀት ላይ ብንፈርም እንኳ፣ ነጋዴ በዚህ ጽሑፍ የሕግ ግዴታውን ሊያመልጥ አይችልም። «የሦስት ወር ዋስትናሽ አልቋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሻጩ የሰጠው ዋስትና በሕግ ካለን መብት ላይ የሚጨመር እንጂ መብቱን የሚተካ አይደለም።

አሁን ጊዜዎቹን እንያዝ።

የመጀመሪያው ጊዜ 30 ቀን ነው። ጉድለቱ በዚህ ጊዜ ከታየ መኪናዋን መልሰን ሙሉ ገንዘባችንን መጠየቅ እንችላለን። ለዚህ ግን ጉድለቱ ስንረከባት እንደነበረ ማሳየቱ የእኛ ድርሻ ነው። በ30 ቀኑ ውስጥ ጥገና ከመረጥን ቀኑ መቁጠሩን ያቆማል። መኪናዋ ከጥገና ስትመለስ ቢያንስ 7 ቀን ይኖረናል። ስለዚህ ከጥገና እንደወጣች ወዲያው በደንብ ንዷት፤ አታቁሟት።

ሁለተኛው ጊዜ 6 ወር ነው። እዚህ የማስረዳት ሸክሙ ይዞራል። በስድስት ወር ውስጥ የታየ ጉድለት ስንረከባት እንደነበረ ይገመታል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ። ጥገና ስንጠይቅ ሻጩ አንድ ዕድል አለው። አንዴ ጠግኖ መኪናዋ አሁንም ደህና ካልሆነች፣ መኪናዋን መልሰን ገንዘባችንን ለመጠየቅ ወይም አስቀርተን ዋጋ እንዲቀነስልን ለመጠየቅ መብት አለን። «ሦስት ጊዜ መሞከር አለብን» የሚል ሕግ የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሻጭ «እኛ እኮ ምንም አልጠገንም፤ ምንም ስላላገኘን አንዱን ዕድላችንን አልተጠቀምንም» ይላል። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ጥገና በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥና ገዢውን ብዙ ሳያንገላታ መከናወን አለበት። ይህ ካልሆነ ያው መብት ይከፈታል። ሁለት ጊዜ ወስዶ፣ ቀናት አቆይቶ፣ ባዶ እጅ የመለሰ ሻጭ ይህን አሟልቻለሁ ለማለት ይቸግረዋል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ከ30 ቀን በኋላ መኪና ስንመልስ ሻጩ ለነዳንበት ጊዜ ከገንዘቡ ሊቀንስ ይችላል። ሌላ ዕቃ ቢሆን በስድስት ወር ውስጥ አይቀነስም ነበር፤ መኪና ግን በሕጉ ተለይቶ ተጠቅሷል። ስለዚህ የሄድንበትን ማይል ከመጀመሪያው ቀን ጽፈን እንያዝ፤ ቅነሳው ልክ መሆኑን የምናየው በዚያ ነው። ሻጩ ገንዘብ መመለስ እንዳለበት ከተስማማ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት።

ከስድስት ወር በኋላም መብቱ አይሞትም። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 6 ዓመት፣ በስኮትላንድ እስከ 5 ዓመት መጠየቅ ይቻላል። ግን የማስረዳት ሸክሙ ወደ እኛ ይመለሳል፣ ጉዳዩም ይከብዳል። ስለዚህ ስድስተኛው ወር ሳያልፍ መጻፍ ነው።

ከማን ገዛን?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለነጋዴ ነው። ከግለሰብ የተገዛች መኪና ላይ የጥራት ግዴታው የለም። ሻጩ የመሸጥ መብት ያለው መሆኑና መኪናዋ እንደተነገረላት መሆኗ ብቻ ይጠየቃል። «ወንድሙ ነኝ፣ መኪናዋን ልሽጥለት ነው» እያሉ ነጋዴነታቸውን የሚደብቁ አሉ፤ ይህ ሕገወጥ ነው። አንድ ስልክ ቁጥር በብዙ ማስታወቂያ ላይ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ማስታወቂያውንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

በወርሃዊ ክፍያ፣ ሃየር ፐርቸስ ወይም ፒሲፒ በሚባለው ውል የገዛን ከሆነ ደግሞ፣ ክፍያው እስኪያልቅ መኪናዋ የአበዳሪው ድርጅት ናት። ስለ ጥራቷም የሚጠየቀው እሱ ነው። ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለአበዳሪው መጻፍ አለብን። በስምንት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካን፣ እንደ አገራችን እንባ ጠባቂ ወዳለው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ በነፃ መሄድ እንችላለን። አበዳሪው የመጨረሻ መልሱን ከሰጠ በኋላ ግን ያለን ጊዜ ስድስት ወር ነው። በክርክሩ መሃል ተናድደን ወርሃዊውን ክፍያ አናቁም። ክፍያ ሲቋረጥ የብድር ታሪካችን ይበላሻል፤ ነገ ቤት ስንከራይ ይከተለናል።

በክሬዲት ካርድ ለከፈለ ሌላ በር አለ። በ1974ቱ ኮንሲዩመር ክሬዲት አክት አንቀጽ 75 መሠረት፣ የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይና ከ30,000 ፓውንድ ያልበለጠ ከሆነ፣ የካርዱ ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ይጠየቃል። ከዋጋው ጥቂቱ ብቻ በካርዱ ቢከፈል እንኳ ጥበቃው ለሙሉው ዋጋ ነው። እኛ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። በመካከላችን ካርድ መበዳደር የተለመደ ነው። ካርዱ የእህት ወይም የጓደኛ ሆኖ መኪናዋ በሌላ ስም ከተገዛች፣ ይህ ጥበቃ ላይሠራ ይችላል። ቀብዱን በራሳችሁ ካርድ ክፈሉ። የእቁብ ገንዘብ በጥሬው ቆጥረን ሰጥተን ያለ ደረሰኝ መውጣትም ይቅር።

መዝገቡ

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ስሙ ያልታወቀ ብልሽት ላይ ከመዝገብ የበለጠ ማስረጃ የለም። አንድ ደብተር መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ። ብልሽቱ በታየ ቁጥር ይህ ይጻፍበት፦

ቀኑና ሰዓቱ፤ የት ቦታ እንደሆነ፤ በማይል መቁጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር።

መኪናዋ ስንት ደቂቃ ተነድታ እንደነበር፤ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና እንደተነሳ፤ ዝናብ ነበር ወይስ ደረቅ፤ ዳገት ነበር ወይስ ሜዳ።

ምን እንደሆነ፦ ጠፋች፣ ኃይል አጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሸተተች፤ የትኛው መብራት በራ።

ምን ያህል ቆይታ እንደተመለሰች፤ አብሮን ማን እንደነበረ።

ያስከተለው ወጪ፦ ታክሲ፣ ጎታች መኪና፣ የቀረ ፈረቃ።

መብራቱን ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፤ መኪናዋን ግን በደህና ቦታ ካቆማችሁ በኋላ ብቻ። በመንገድ ላይ እርዳታ የሚሰጡት እንደ ኤኤ እና አርኤሲ ያሉ ድርጅቶች ሲመጡ የጽሑፍ ሪፖርታቸውን ጠይቁ። ገለልተኛ ሰው በዓይኑ አይቶ የጻፈው ወረቀት ትልቅ ጉልበት አለው። ወደ ሻጩ ጋራዥ በወሰዳችኋት ቁጥር ደግሞ የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን፣ ምን እንደተሠራ ወይም እንዳልተሠራ የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀትም ይጠቅማል፤ ብልሽቱን ነግረናቸው እንደነበር ይመሰክርልናል።

የምናውቀው መካኒክ ሊረዳን ቢፈልግም ሻጩ ዕድሉን ሳያገኝ ሞተሩን አይፍታ። ሻጩ «እናንተ ነካካችሁት» ይላል። ማየት፣ ቁጥር ማንበብና መጻፍ ይበቃዋል።

ደብዳቤው

ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ደብዳቤው ላይ ስንደርስ ነው። በአፍ ተናግረን፣ ሻጩ ፈገግ ብሎ «አታስቢ» ካለን፣ ይሉኝታ ይይዘናል። እንግሊዝኛችንም ያሳስበናል። ደብዳቤው ግን ስድብም ልመናም አይደለም፤ አጭር ነው። መቼ በስንት እንደገዛን፤ ብልሽቱ በየትኞቹ ቀኖች እንደታየ፤ መቼ መቼ ወደ እነሱ እንደወሰድናትና ምን እንዳሉን፤ በኮንሲዩመር ራይትስ አክት 2015 መሠረት ጥራቷ አጥጋቢ እንዳልሆነ፤ የምንፈልገው ምን እንደሆነ፤ እስከ መቼ መልስ እንደምንጠብቅ። 14 ቀን መስጠት የተለመደ ነው። የምንፈልገው መኪናዋን መልሶ ገንዘብ ማግኘት ከሆነ «ሪጀክት» የሚለውን ቃል በግልጽ መጻፍ አለብን። «በጣም አዝኛለሁ፣ አስቡበት» ማለት መመለስ አይደለም። ከጻፍን በኋላ ደግሞ መኪናዋን መንዳት እናቁም፤ መለስኳት ያልነውን መንዳታችንን ከቀጠልን የራሳችንን ክርክር እናዳክማለን።

ሻጩ እምቢ ካለ፣ የሞተር ኦምቡድስማን አባል መሆኑን እንይ፤ አባል ከሆነ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስሞል ክሌምስ በሚባለው ቀለል ያለ መንገድ ይታያል፤ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። የማመልከቻ ክፍያ አለው፤ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ ግን ክፍያው እንዲቀነስላት ወይም እንዲቀርላት መጠየቅ ትችላለች።

የእህታችን ጉዳይ እንዲህ ተፈጸመ። ከሦስተኛው «ምንም የለም» በኋላ ሁለት የማኅበራችን እህቶች አብረዋት ተቀምጠው ደብዳቤውን ጻፉ። የስልክ መልእክቶቿን ከቀን ጋር አወጡ፤ ከሥራ አስኪያጇ የቀረችባቸውን ፈረቃዎች ዝርዝር ተቀበሉ። ሻጩ እምቢ አለ። ከዚያ በራሷ ወጪ ገለልተኛ መርማሪ አየላት። የመርማሪው ሪፖርት ግን የብልሽቱን ስም አልተናገረም። በ40 ደቂቃ የመንገድ ሙከራ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሁለት ጊዜ መጥፋቱን፣ ምክንያቱ ሳይፈታ ሊታወቅ እንደማይችል፣ በዚህ ሁኔታ ለመንገድ አስተማማኝ አለመሆኗን ብቻ ጻፈ። በአምስተኛው ወር ሪፖርቱንና መዝገቡን ይዛ በአንቀጽ 75 ወደ ካርዱ ባንክ አመለከተች። ባንኩ ለነዳችበት 350 ፓውንድ ቀንሶ 3,850 ፓውንድ መለሰላት። መኪናዋ ምን እንደነበረባት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ገንዘቧ ግን ተመልሷል።

ከመግዛታችን በፊት

ጥቂት ነገር ብቻ እንጨምር። የመኪናዋን የኤም ኦ ቲ ታሪክ በታርጋ ቁጥሯ በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። ያለፈችበትና የወደቀችበት ምርመራ፣ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ፣ በየዓመቱ የተመዘገበው ማይል ይታያል። ማይሉ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ ሽሹ። ኤም ኦ ቲ ማለፏ ግን መኪናዋ በምርመራው ቀን ዝቅተኛውን የደህንነት መለኪያ ማሟላቷን እንጂ ሞተሯ ጤነኛ መሆኑን አይናገርም። ስትሞክሯት ቀዝቃዛ ሞተር ይሁን፤ አስቀድመው አሙቀው ከጠበቋችሁ ሌላ ቀን እንመጣለን በሉ። ከዚያም እስክትሞቅ ድረስ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዷት። ማስታወቂያውን አስቀምጡ፤ «እንደተነገረላት» የሚለው መብት የሚመዘነው በእሱ ነው።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ሻጭ ፊት ስትቆምና ከእህቶቿ ጋር ስትቆም አንድ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ነገር ለአባላት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የመኪና መዝገብ ቅጽና የደብዳቤ ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ የሚቀልላቸው እህቶች ተራ ገብተው ወደ ሻጭ የምትሄድን አባል ይሸኙ፤ ሥራቸው መጨቃጨቅ ሳይሆን የተባለውን መጻፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለገለልተኛ ምርመራ የሚሆን ትንሽ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይቋቋም። አባሏ ገንዘቧ ሲመለስላት ትመልሳለች፤ ቀጣይዋ ትጠቀምበታለች። የምርመራው ክፍያ በእጇ ስለሌለ ብቻ የእቁቧን ገንዘብ ያጣች እህት እንዳትኖር ነው።

ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይህ ነው። የምትሰጡን ገንዘብ ለመኪና አይውልም። አንዲት እናት በራሷ ላብ የገዛችውን እንዳትቀማ፣ ፈረቃዋ እንዳይወሰድባት፣ ልጆቿን በጊዜ ከትምህርት ቤት እንድታመጣ ይውላል። ስለ እስካሁኑ እርዳታችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

እህቶች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ የመኪናችሁን የግዢ ወረቀት ፈልጋችሁ ቀኑን እዩ። ስድስት ወር ያልሞላውና መኪናዋ የምታስቸግራት እህት ካለች ከመሄዷ በፊት እዚሁ ታነጋግረን። ቅጹና እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው።